ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚከሰት ብግነትና የመቀነሻ መንገዶቹ

የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሕሙማን ከቀዶ ሕክምና ክፍል ከወጡ በኋላ ሌላ ፈተና ይጠብቃቸዋል። ይኸውም ሰውነታቸው ለደረሰበት ጉዳት የሚሰጠው ምላሽ ሲሆን፣ በሕክምናው ዘርፍ ብግነት፣ በተለመደው አነጋገር ደግሞ የሰውነት መቆጣት በመባል ይታወቃል። ብግነት መጠነኛ ሲሆን ቁስል እንዲድን ይረዳል። ከልክ ሲያልፍ ግን ሳንባን፣ ኩላሊትን፣ አንጎልንና ራሱን ልብን ሊጎዳ ይችላል።

ይህን ጉዳት ለመቀነስ ባለፉት አሥርት ዓመታት በርካታ መድኃኒቶችና መሣሪያዎች ተሞክረዋል። በብዙ ሺህ ሕሙማን ላይ የተካሄዱ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት፣ ችግሩን በአንድ ጊዜ የሚያስወግድ ብቸኛ መድኃኒት አልተገኘም። የተሻለ ውጤት የታየው ከቀዶ ሕክምናው በፊት፣ በሂደቱና ከዚያም በኋላ በሚወሰዱ ተደጋጋፊ ጥንቃቄዎች ነው። ጉዳዩ ከሐኪሞች በተጨማሪ የሕክምና ግዢ ለሚፈጽሙ፣ በጀት ለሚመድቡና ሠራተኛ ለሚያስተዳድሩ የሥራ ኃላፊዎችም ጠቃሚ ነው።

ብግነት ምንድን ነው?

ብግነት ሰውነት ከጉዳትና ከተዋስያን ራሱን የሚከላከልበት ተፈጥሯዊ ሂደት ነው። ጣት በእሾህ ሲወጋ ቦታው የሚቀላው፣ የሚያብጠው፣ የሚሞቀውና የሚያመው በዚሁ ምክንያት ነው። የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ቁስሉ ይጓዛሉ፤ ሳይቶካይን የተባሉ መልእክት አስተላላፊ ንጥረ ነገሮችም ወደ ደም ይለቀቃሉ።

ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚታየው ብግነት ግን በአንድ ቦታ ተወስኖ አይቀርም። ሂደቱ በደም አማካይነት ወደ መላው ሰውነት ይዛመታል። ከዚህ የተነሳ የታማሚው ሙቀት ይጨምራል፣ የልብ ምቱ ይፈጥናል፣ የነጭ የደም ሕዋሳት ቁጥር ይጨምራል፣ ፈሳሽም ከደም ሥሮች ወደ ሳንባና ወደ ሌሎች የአካል ክፍሎች ይሰርጋል።

እዚህ ላይ ብግነትና ኢንፌክሽን አንድ አለመሆናቸውን ማስተዋል ያስፈልጋል። ኢንፌክሽን ተዋስያን ወደ ሰውነት ገብተው ሲራቡ የሚከሰት ሕመም ሲሆን፣ ብግነት ግን ምንም ተዋስያን ሳይኖሩም ሊነሳ ይችላል። ለምሳሌ በደም ውስጥ የብግነትን መጠን የሚያመለክተው ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን የተባለው ንጥረ ነገር፣ ያለ አንዳች እንከን በተጠናቀቀ የልብ ቀዶ ሕክምና እንኳ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ከፍተኛ ደረጃ ላይ ይደርሳል። በመሆኑም በእነዚህ ቀናት የሚታይ ከፍተኛ ቁጥር ወይም ቀላል ትኩሳት ብቻውን የኢንፌክሽን ማረጋገጫ ተደርጎ አይወሰድም።

የብግነቱ መንስዔዎች

እ.ኤ.አ. ግንቦት 6 ቀን 1953 አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር ጆን ጊቦን በፊላዴልፊያ ከተማ የልብንና የሳንባን ሥራ ተክቶ በሚሠራ መሣሪያ በመታገዝ የመጀመሪያውን ስኬታማ የልብ ቀዶ ሕክምና አካሂደዋል። መሣሪያው የታማሚውን ደም ከሰውነት ተቀብሎ ኦክስጅን ከሰጠው በኋላ ወደ ሰውነት ይመልሳል። በዚህ ጊዜ ልብ እንዲቆም ስለሚደረግ ሐኪሙ ውስጡን ከፍቶ መጠገን ይችላል። ዘመናዊ የልብ ቀዶ ሕክምና የተስፋፋው ከዚህ ግኝት በመነሳት ነው።

ይሁን እንጂ ሕይወት አድን የሆነው መሣሪያ የራሱ ጉዳት እንዳለው ቀስ በቀስ ታውቋል። የሰው ደም በተፈጥሮው የሚነካው የደም ሥሮችን ስስ የውስጥ ሽፋን ብቻ ነው። በመሣሪያው ውስጥ ሲያልፍ ግን ከፕላስቲክ ቱቦዎች፣ ከማጣሪያዎችና ከኦክስጅን መስጫው ሰፊ ገጽ ጋር ይገናኛል። ሰውነትም ይህን እንደ ባዕድ ነገር በመቁጠር የመከላከያ ሥርዓቱን ያንቀሳቅሳል።

እ.ኤ.አ. በ1983 ዶክተር ጄምስ ከርክሊንና የሥራ ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጥናት በዚህ ረገድ ትልቅ ስፍራ ይሰጠዋል። ጥናቱ ኮምፕሊመንት የተባለው በደም ውስጥ የሚገኝ የመከላከያ ፕሮቲኖች ሥርዓት በመሣሪያው ምክንያት እንደሚነቃና ይህም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ከሚታዩ የልብ፣ የሳንባና የኩላሊት ችግሮች ጋር ግንኙነት እንዳለው አመልክቷል። መሣሪያው ረዘም ላለ ጊዜ በሠራ ቁጥር አደጋው እንደሚጨምር፣ ሕፃናትም ይበልጥ ተጋላጭ እንደሆኑ የታወቀው በእነዚህ ዓመታት ነው።

የብግነቱ ምንጭ ግን መሣሪያው ብቻ አይደለም። የደረት አጥንት መከፈቱና የሕብረ ሕዋሳት መቆረጥ በራሳቸው ሰውነትን ያስቆጣሉ። ለተወሰነ ጊዜ ደም ሳያገኝ የቆየው የልብ ጡንቻ ደም እንደገና ሲደርሰው ጎጂ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫል። ወደ አንጀት የሚሄደው ደም ሲቀንስ የአንጀት ግድግዳ ይሳሳና በዚያ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች የሚመነጭ መርዛማ ንጥረ ነገር ወደ ደም ይገባል። ደም በመሣሪያው ውስጥ እንዳይረጋ የሚሰጠውን ሄፓሪን ለማርከስ የሚውለው ፕሮታሚን የተባለው መድኃኒትም ከሄፓሪን ጋር ሲጣመር የመከላከያ ሥርዓቱን እንደገና ይቀሰቅሳል። በልብ ዙሪያ ተከማችቶ የሚቀር ደምም ሌላው ምክንያት ነው።

መንስዔው ይህን ያህል ብዙ በመሆኑ አንዱን መንገድ ብቻ የሚዘጋ መድኃኒት ሌሎቹን ክፍት ይተዋል። ከዚህ በታች የሚገለጹት በርካታ ሙከራዎች የሚጠበቅባቸውን ውጤት ላለማስገኘታቸው አንዱ ማብራሪያ ይኸው ነው።

በሕሙማን ላይ የሚያስከትለው ችግር

ብዙዎቹ ሕሙማን ብግነቱን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይቋቋሙታል። በጥቂቶቹ ላይ ግን ሳንባ ፈሳሽ በመቋጠሩ ከመተንፈሻ መሣሪያ ቶሎ መላቀቅ ያዳግታቸዋል። የኩላሊት ሥራ ሊዳከም፣ የደም መርጋት ሂደት ሊዛባ፣ በተለይ በዕድሜ በገፉ ሕሙማን ላይ ደግሞ ጊዜያዊ የአእምሮ መደናገር ሊታይ ይችላል።

ከሁሉም በብዛት የሚታየው የልብ ምት መዛባት ነው። የላይኛዎቹ የልብ ክፍሎች ሥርዓት በሌለው ሁኔታ የሚርገበገቡበት ይህ ችግር እንደ ቀዶ ሕክምናው ዓይነት ከ20 እስከ 40 በመቶ በሚሆኑ ሕሙማን ላይ ይከሰታል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ይህም ብግነቱ ከፍ ከሚልበት ወቅት ጋር ይገጥማል። የሆስፒታል ቆይታን ያራዝማል፤ ለስትሮክ የመጋለጥ ዕድልንም ይጨምራል።

በመድኃኒት የተደረጉ ሙከራዎች

ብግነትን በመግታት ኃይላቸው የሚታወቁት ስቴሮይድ የተባሉት መድኃኒቶች ናቸው። በልብ ቀዶ ሕክምና ላይም ለረጅም ዓመታት በበርካታ ሆስፒታሎች ሲሰጡ ቆይተዋል። በደም ውስጥ ያለውን የሳይቶካይን መጠን እንደሚቀንሱም የተረጋገጠ ነው። ዋናው ጥያቄ ግን መድኃኒቱ የታማሚውን ሕይወት ይታደጋል ወይ የሚለው ነበር።

ለጥያቄው ምላሽ ለማግኘት በኔዘርላንድስ 4 ሺህ 494 አዋቂ ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ተካሂዶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ ሆኗል። ሕሙማኑ በዕጣ ተለይተው ግማሾቹ ከፍተኛ መጠን ያለው ዴክሳሜታሶን፣ ግማሾቹ ደግሞ መድኃኒትነት የሌለው ማስመሰያ ተሰጥቷቸዋል። ሞትን ጨምሮ ዋና ዋና ችግሮች የደረሱባቸው ሕሙማን ቁጥር ዴክሳሜታሶን ከወሰዱት 7 በመቶ፣ ካልወሰዱት ደግሞ 8.5 በመቶ ሲሆን፣ ልዩነቱ በስታቲስቲክስ መለኪያ አሳማኝ ሆኖ አልተገኘም። በአንጻሩ የመተንፈስ ችግርና ኢንፌክሽን በመጠኑ ቀንሰዋል።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ሁለተኛው ጥናት በ18 አገሮች 7 ሺህ 507 ሕሙማንን ያካተተ ነው። ተሳታፊዎቹ ለከፍተኛ አደጋ የተጋለጡ ሲሆኑ የተሰጣቸውም ሜቲልፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ ነው። መድኃኒቱ በ30 ቀናት ውስጥ በሚደርስ ሞትም ሆነ በሌሎች ከባድ ችግሮች ላይ ለውጥ አላመጣም። ይልቁንም በመድኃኒቱ ተጠቃሚዎች ላይ የልብ ጡንቻ ጉዳት ጨምሮ ታይቷል።

የሕፃናቱም ሁኔታ ከዚህ አይለይም። በአሜሪካ በ24 ሆስፒታሎች ከ1 ሺህ 200 በላይ ሕፃናት የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ጥናት ሜቲልፕሬድኒሶሎን ዋናውን የሕክምና ውጤት በአሳማኝ ደረጃ እንዳላሻሻለ አሳይቷል። በደም ስኳር መጨመር ምክንያት ኢንሱሊን ያስፈለጋቸው ሕፃናት መድኃኒቱን ካገኙት መካከል 19 በመቶ ሲሆኑ፣ ካላገኙት መካከል ግን 6.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚህም የተነሳ ስቴሮይድ ለሁሉም የልብ ቀዶ ሕክምና ታማሚዎች በዘልማድ የሚሰጥ መሆን እንደሌለበት መመሪያዎች ያመለክታሉ። አንዳንድ ሕሙማን፣ ለምሳሌ አስቀድሞ በሌላ ሕመም ምክንያት ስቴሮይድ የሚወስዱ፣ በሐኪም ውሳኔ ሊሰጣቸው ይችላል።

ሌሎች መድኃኒቶችም ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሟቸዋል። የኮምፕሊመንትን ሥርዓት ለመግታት የተሠራው ፔክሴሊዙማብ እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ከ3 ሺህ በላይ ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት ዋና ግቡን አልመታም። የደም መፍሰስንና ብግነትን ይቀንሳል ተብሎ በስፋት ጥቅም ላይ የዋለው አፕሮቲኒን እ.ኤ.አ. በ2007 ከገበያ እንዲታገድ ተደርጓል። በቀጣዩ ዓመት የታተመው የካናዳ ጥናትም መድኃኒቱን በወሰዱ ሕሙማን ላይ የሞት መጠን ከፍ ማለቱን አመልክቷል። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ አካል እ.ኤ.አ. በ2012 እገዳው በተወሰነ ደረጃ እንዲነሳ ቢወስንም፣ በብዙ ሆስፒታሎች ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለው መድኃኒት ተክቶታል።

የኮሌስትሮል መቀነሻ የሆነው ሮሱቫስታቲን ከቀዶ ሕክምናው ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ቢጀመር ብግነትን ይቀንሳል የሚል ተስፋ ነበር። በቻይና 1 ሺህ 922 ሕሙማን ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት ግን የልብ ምት መዛባትንም ሆነ የልብ ጡንቻ ጉዳትን አለመቀነሱን፣ የኩላሊት ጉዳትን ግን መጨመሩን አሳይቷል። ይህ ሲባል በሐኪም ትእዛዝ ስታቲን ሲወስዱ የቆዩ ሕሙማን ያቋርጡ ማለት አይደለም።

ከመድኃኒት ባሻገር ሳይቶካይንን ከደም ውስጥ የሚያጣሩ ውድ መሣሪያዎችም ለገበያ ቀርበዋል። በጀርመን የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን ይዟቸው ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው ሕሙማን ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት መሣሪያው የሳይቶካይንን መጠን ቢቀንስም የአካል ክፍሎችን ሥራ እንዳላሻሻለ ገልጿል። ይህ ውጤት ለግዢ ውሳኔ ሰጪዎች ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ያለ ቁጥር መቀነሱና የታማሚው መዳን ሁልጊዜ አብረው የሚሄዱ አይደሉም። በመሆኑም አንድ መሣሪያ ወይም መድኃኒት ሲቀርብ መጠየቅ ያለበት ብግነትን ይቀንሳል ወይ ተብሎ ብቻ ሳይሆን፣ ሞትን፣ የሆስፒታል ቆይታንና የአካል ጉዳትን ይቀንሳል ወይ ተብሎ ጭምር ነው።

በቀዶ ሕክምና ክፍል የሚወሰዱ ጥንቃቄዎች

የተሻለ ውጤት ካስገኙት መንገዶች ቀዳሚው የመሣሪያውን የሥራ ጊዜ ማሳጠር ነው። ይህ በዋነኛነት በቡድኑ ልምድና ቅንጅት ላይ የተመሠረተ ነው። ቀዶ ሐኪሙ፣ የሰመመን ሐኪሙ፣ የልብና ሳንባ መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያና ነርሶች አብረው በሠሩ ቁጥር የሚባክነው ደቂቃ ይቀንሳል።

መሣሪያውም ተሻሽሏል። የቱቦዎቹን የውስጥ ገጽ በሄፓሪን ወይም ከደም ጋር በሚስማማ ሌላ ንጥረ ነገር መለበጥ፣ ቱቦዎቹን ማሳጠርና መሣሪያውን ለመሙላት የሚውለውን ፈሳሽ መቀነስ ከእነዚህ ማሻሻያዎች መካከል ናቸው። በሕፃናት ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1991 በለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት ሆስፒታል ባለሙያዎች የተዋወቀው ዘዴ በብዙ አገሮች ይሠራበታል። በዚህ ዘዴ ከቀዶ ሕክምናው ፍጻሜ ላይ ትርፍ ውኃ ከሕፃኑ ደም ተጣርቶ ይወጣል፤ ይህም የሰውነት እብጠትን ይቀንሳል፤ ደሙንም ያወፍረዋል።

መሣሪያውን ጨርሶ ባለመጠቀም ልብ እየመታ የደም ሥር መቀጠል ሌላው የተሞከረ መንገድ ነው። በ19 አገሮች 4 ሺህ 752 ሕሙማን የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ውጤቱ የታተመው ጥናት በሁለቱ ዘዴዎች መካከል በሞትና በከባድ ችግሮች ረገድ ልዩነት አላገኘም። የመሣሪያው መቅረት ብቻውን ብግነትን የማያስቀር መሆኑ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ለቫልቭ ጥገናና ልብን ከፍቶ ለሚሠራ ሌላ ሕክምና ደግሞ መሣሪያው የግድ ያስፈልጋል።

ቀላል በሆነ ዘዴ የተገኘ ውጤትም አለ። በኒውዮርክ 420 ሕሙማን በተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ጥናት፣ ሐኪሞች በልብ ከረጢት የኋላ ክፍል ላይ ትንሽ ቀዳዳ በመክፈት በልብ ዙሪያ የሚጠራቀመው ደምና ፈሳሽ ወደ ግራ የደረት ክፍል እንዲወርድ አድርገዋል። የልብ ምት መዛባት ቀዳዳው ከተከፈተላቸው ሕሙማን በ17 በመቶው፣ ካልተከፈተላቸው ደግሞ በ32 በመቶው ላይ ታይቷል። ዘዴው ተጨማሪ መድኃኒትም ሆነ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም።

ከዚህ በተጨማሪ የደም ስኳር በዴሲ ሊትር ከ180 ሚሊ ግራም በታች እንዲሆን መቆጣጠር፣ ሴፋዞሊን የተባለውን ጸረ ተዋስያን መድኃኒት ቆዳው ከመቀደዱ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ መስጠት፣ የደረት ጸጉርን በምላጭ ከመላጨት ይልቅ በማሽን መቁረጥ፣ ደም መስጠትን አስፈላጊ በሆነበት ጊዜ ብቻ መወሰን፣ ታማሚውን ከመተንፈሻ መሣሪያ በጊዜ ማላቀቅና ቶሎ ከአልጋ እንዲነሳ ማገዝ ይመከራል። እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ሲታይ አነስተኛ ቢመስልም፣ በአንድነት ሲተገበሩ በብግነት ላይ ኢንፌክሽን እንዳይታከል ይረዳሉ።

ዘግይቶ የሚመጣ ብግነት

ታማሚው ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላም ብግነት ሊነሳ ይችላል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት፣ በጥልቀት ሲተነፍሱ የሚብስ የደረት ውጋት፣ እንዲሁም በልብ ወይም በሳንባ ዙሪያ የፈሳሽ መጠራቀም ይታያል። መንስዔው የልብ ከረጢት በመከፈቱ ምክንያት የሰውነት መከላከያ ሥርዓት በራሱ አካል ላይ የሚያስነሳው ምላሽ እንደሆነ ይታመናል።

ችግሩ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሲታወቅ በቁርጥማት ትኩሳት የጠበበ ቫልቭ በተከፈተላቸው ሕሙማን ላይ በመታየቱ፣ የቁርጥማት ትኩሳቱ እንደገና የተቀሰቀሰ መስሎ ነበር። ቁርጥማት ይዟቸው በማያውቁ የልብ ቀዶ ሕክምና ታማሚዎች ላይም በመከሰቱ ራሱን የቻለ ችግር መሆኑ ተረጋግጧል።

ለዚህ ዓይነቱ ብግነት ኮልቺሲን የተባለው ጥንታዊ መድኃኒት ጠቃሚ ሆኖ ተገኝቷል። በጣሊያን 360 ሕሙማን በተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ለአንድ ወር ኮልቺሲን ከወሰዱት መካከል ችግሩ የታየባቸው 8.9 በመቶ ሲሆኑ፣ ካልወሰዱት መካከል ግን 21.1 በመቶ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ተከታይ ጥናት መድኃኒቱ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ቢጀመርም ጥቅም እንዳለው፣ ነገር ግን የተቅማጥና የሆድ ሕመም ችግር እንደሚጨምር ገልጿል። መድኃኒቱ ኩላሊታቸው ለተዳከመና እንደ ክላሪትሮማይሲን ያሉ መድኃኒቶችን ለሚወስዱ ሰዎች አደገኛ ሊሆን ስለሚችል ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድም።

የሕመም ማስታገሻዎችና ጥንቃቄያቸው

ብግነትን ይቀንሳሉ በሚል በየመድኃኒት ቤቱ በቀላሉ የሚገኙት አይቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክና መሰሎቻቸው የልብ ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት ሰው ተመራጭ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት የልብ ደም ሥር ቅጥያ በተደረገላቸው 1 ሺህ 671 ሕሙማን ላይ የዚሁ ቤተሰብ አባላት የሆኑት ፓሬኮክሲብና ቫልዴኮክሲብ የልብ ድካም፣ ስትሮክና መሰል አደጋዎችን ጨምረው ተገኝተዋል። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር መድኃኒቶቹ በልብ ደም ሥር ቅጥያ ወቅት ለሕመም ማስታገሻነት እንዳይሰጡ የሚያሳስብ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል።

ሰው ሠራሽ ቫልቭ የተገጠመላቸውና ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚወስዱ ሰዎች እነዚህን ማስታገሻዎች ቢጨምሩ የጨጓራና የአንጀት መድማት ሊደርስባቸው ይችላል። ኩላሊትም ሊጎዳ ይችላል። ለመለስተኛ ሕመም ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው በተወሰነለት መጠን የሚወሰድ ፓራሲታሞል ነው። መድኃኒት ቤቶችም ሆኑ ጤና ጣቢያዎች ማስታገሻ ከመስጠታቸው በፊት ግለሰቡ የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት እንደሆነ መጠየቃቸው አደጋን ይከላከላል።

በኢትዮጵያ ያለው ሁኔታ

በበለጸጉ አገሮች አብዛኛው የልብ ቀዶ ሕክምና የሚካሄደው በዕድሜ የገፉ ሰዎችን የልብ ደም ሥሮች ለመቀጠልና ያረጁ ቫልቮችን ለመተካት ነው። በኢትዮጵያ ግን ሕክምናውን ከሚሹት መካከል ብዙዎቹ ከልደት ጀምሮ የልብ ችግር ያለባቸው ሕፃናትና በቁርጥማት ትኩሳት ምክንያት ቫልቫቸው የተጎዳ ወጣቶች ናቸው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ14 አገሮች 3 ሺህ 343 የቁርጥማት የልብ ሕሙማንን ያካተተ ዓለም አቀፍ ጥናት የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 28 ዓመት መሆኑንና ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ሴቶች መሆናቸውን አመልክቷል።

በአገሪቱ ለዘርፉ መሠረት ከጣሉት መካከል በዶክተር በላይ አበጋዝ ጠንሳሽነት የተቋቋመው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅት ተጠቃሽ ነው። ድርጅቱ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቅጥር ግቢ ያስገነባው ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2009 አገልግሎት ጀምሯል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቀዶ ሕክምናው በአብዛኛው ከውጭ በሚመጡ በጎ ፈቃደኛ ቡድኖች ይካሄድ የነበረ ሲሆን፣ ከጊዜ በኋላ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችም በራሳቸው ማከናወን ጀምረዋል። ሆኖም ተራ የሚጠብቁት በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው።

የቁርጥማት የልብ ሕመም ራሱ ከብግነት የሚመነጭ ነው። በልጅነት የሚከሰት የጉሮሮ ቁስለት በተገቢው ጸረ ተዋስያን መድኃኒት ሳይታከም ሲቀር፣ ስትሬፕቶኮከስ የተባለውን ባክቴሪያ ለመዋጋት የተነሳው የሰውነት መከላከያ የልብ ቫልቮችንም ያጠቃል። ቫልቩ በቀዶ ሕክምና ቢጠገንም ታማሚው እንደገና በባክቴሪያው ከተያዘ ብግነቱ ተመልሶ የተጠገነውን ቫልቭ ሊያበላሽ ይችላል። ስለሆነም በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚሰጠው የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ከቀዶ ሕክምና በኋላም ሐኪም እስከወሰነው ጊዜ ድረስ መቀጠል ይኖርበታል። ቀዶ ሕክምናው ተደርጓል በሚል መርፌውን ማቋረጥ በብዙ ወጪና ድካም የተገኘውን ውጤት ለአደጋ ያጋልጣል።

መርፌው በጊዜ ከተጀመረ የሚያስገኘውን ጥቅም በኡጋንዳ 818 ሕፃናትና ታዳጊዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ጥናት ያስረዳል። የሕመሙ የመጀመሪያ ምልክት በልብ አልትራሳውንድ ከታየባቸው ልጆች መካከል በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ የባሰባቸው፣ መርፌውን ካገኙት 0.8 በመቶ፣ ካላገኙት ደግሞ 8.2 በመቶ ነበሩ። የዓለም ጤና ጉባዔም እ.ኤ.አ. በ2018 አባል አገሮች ለቁርጥማት ትኩሳትና ለቁርጥማት የልብ ሕመም ትኩረት እንዲሰጡ ውሳኔ አሳልፏል።

ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ትኩረት የሚሹ ምልክቶች

ወደ መኖሪያ ቤታቸው፣ ወደ ትምህርታቸው ወይም ወደ ሥራቸው የተመለሱ ሕሙማን የሚከተሉት ምልክቶች ሲታዩባቸው ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና ተቋም መሄድ ይኖርባቸዋል። እነዚህም የማይለቅ ወይም የሚመላለስ ትኩሳት፣ የሚጨምር የትንፋሽ ማጠር፣ የልብ ምት መፍጠን ወይም መዛባት፣ የቁስሉ መቅላት፣ መግል መያዝ ወይም የደረት አጥንቱ መላወስ፣ የእግር እብጠት፣ እንዲሁም ድንገተኛ የንግግር ወይም የእጅና እግር መድከም ናቸው።

ሰው ሠራሽ ቫልቭ ባለው ሰው ላይ የሚታይ ትኩሳት ቀላል ጉንፋን ተደርጎ መታለፍ የለበትም። የቫልቭ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ጸረ ተዋስያን መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ለካልቸር ምርመራ የሚሆን ደም መወሰድ አለበት። ናሙናው ሳይወሰድ የሚሰጥ መድኃኒት ሕመሙን ለጊዜው ሊሸፍነውና ትክክለኛውን ሕክምና ሊያዘገይ ይችላል። ጥርስ ከማስነቀል በፊት ለጥርስ ሐኪሙ ስለ ቫልቩ መንገርም ያስፈልጋል፤ ከነቀላው በፊት የሚሰጥ የመከላከያ መድኃኒት አለና።

ከተቋማትና ከኃላፊዎች የሚጠበቀው

የልብ ቀዶ ሕክምና ውጤት በቀዶ ሕክምና ክፍል ብቻ የሚወሰን አይደለም። በበጀትና በግዢ ረገድ ውጤታቸው በበቂ ጥናት ላልተረጋገጠ ውድ መሣሪያዎች ከሚወጣው ገንዘብ በፊት፣ የባለሙያ ቡድን ሥልጠና፣ የተሟሉ የመሣሪያው አላቂ ዕቃዎች፣ የላቦራቶሪ የካልቸር ምርመራና የማይቋረጥ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን አቅርቦት ቅድሚያ ቢያገኙ የብዙ ሕሙማንን ሕይወት መታደግ ይቻላል።

የቀዶ ሕክምናው ማዕከላት በጥቂት ከተሞች የሚገኙ በመሆናቸው የታማሚው ክትትል በአካባቢው ጤና ጣቢያ ላይ ይወድቃል። ስለሆነም ታማሚው ከሆስፒታል ሲወጣ የተደረገለት ሕክምና፣ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች፣ ሊወስዳቸው የማይገባው ማስታገሻዎችና የቀጠሮ ቀናት በግልጽ የሰፈሩበት ማስረጃ መያዙ ተገቢ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም መርፌውን ያቋረጡ ወጣቶችን በመለየት ወደ ጤና ጣቢያ እንዲመለሱ በማድረግ ረገድ ጉልህ ድርሻ ሊኖራቸው ይችላል።

የሠራተኛ አስተዳደር ክፍሎችም የበኩላቸው ሚና አላቸው። የተከፈተው የደረት አጥንት ለመግጠም አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንታት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ከባድ ዕቃ ማንሳትና መኪና መንዳት አይመከርም። ሠራተኛው ከተመለሰም በኋላ ለመርፌና ለደም ምርመራ በየወሩ የጥቂት ሰዓታት ፈቃድ ሊያስፈልገው ይችላል። ይህን ፈቃድ ያለ ውጣ ውረድ መስጠት ሠራተኛው ሕክምናውን እንዳያቋርጥ፣ ተመልሶም ለከፋ ሕመም እንዳይዳረግ ያደርጋል።

በአጠቃላይ ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚከሰተውን ብግነት ጨርሶ ማጥፋት አይቻልም፤ ለቁስል መዳን የሚጠቅም በመሆኑም ጨርሶ መጥፋት የለበትም። ጉዳቱን መቀነስ ግን የሚቻል ነው። ይህም የሚገኘው አንድ ብርቱ መድኃኒት ከመጠበቅ ይልቅ፣ ከመጀመሪያው የጉሮሮ ቁስለት ሕክምና አንስቶ እስከ መጨረሻው የክትትል ቀጠሮ ድረስ ያሉትን እርምጃዎች ሳያጓድሉ በመፈጸም ነው።